አራተኛው ቀለም

ከገበሬ ማርተን ጎተራ፣ ከድርቆሽ ክምር ሥር፣
ጎማው ተበልቶ፣ ኮርቻው የአይጥ መንደር፣
እኔና ሲትሰ ጎትተን ስናወጣው፣
«ብረት ነው» አለ ማርተን፣ «ታሪክ ከየት ላምጣው?»

ሲትሰ ግን የባቡር ሐዲድ ሰው ነበር፤
ምልክት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ያውቃል።
ነገርን ከሥሩ፣ ቀለምንም ከሥሩ፦
«ቀለም አይፋቅም፣ ይጠየቃል እንጂ» ይላል።
ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያጠጣ፣
በአንድ ጣት ብቻ፣ ክብ ክብ እየሳለ፣
ትኩሳት ያለው ልጅ ግንባር የሚዳስስ እየመሰለ።
እኔ መብራት ያዥ ነኝ።

መጀመሪያ ጥቁሩ ወጣ፤ የፖስተኛው ቀለም፣
ሰርግ ይሁን መርዶ ሳይጠይቅ የሚሸከም።
ከዚያ አረንጓዴው፤ የሆላንድ ጦር የቀባው፣
ችኩል፤ ብሩሹ ጠጉሩን ነቅሎ የረሳው።
ከዚያ ግራጫ፤ ማን እንደቀባው እንጃ።
ከዚያ ቡኒ፤ የእንግሊዝን ጭቃ የሚመስል፣
ቡኒው ላይ ደብዘዝ ያለ፣ እንደ ሻይ ዕድፍ፣ አንድ ምስል።

ሲትሰ ትንፋሹን ያዘ።

በስተግራ አራት ማዕዘን፤ ላዩ ነጭ፣ ታቹ ሰማያዊ።
«መልእክተኞች ናቸው!» ብሎ መጽሐፉን ገለጠ፣
ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሻይ ተገለበጠ፤
ደንታም አልሰጠው።
መሀሉ ላይ ቁጥር፤ ወገቡ ተበልቷል፣
ስድስት ይሁን ስምንት አጉሊ መነጽሩም ያመነታል።
ስድስት ከሆነ አንድ ሰው ነው፣ ስምንት ከሆነ ሌላ ሰው፤
ሌላ እናት፣ ሌላ መንገድ፣
በአንዲት የቀለም ቅርፊት ዕጣው የሚለዋወጠው።

በስተቀኝ ግን ወፍ አለ።

መጽሐፉ ወፍ አላጣም፤ ንስር አለ፣ ጭልፊት አለ፣
ክንፉን የዘረጋ አለ፣ ጥፍሩን የሳለ አለ፤
የኛው ግን ሆዱ ክብ፣ አንገቱ አጭር፣
እግሮቹ ሹካ፣ ዐይኑ የሚያፍር።
ሰኞ «ንስር ነው» አለ ሲትሰ።
ማክሰኞ «እርግብ መሆን አለባት» አለ።
ረቡዕ «ሰዓሊው ሰካራም ነበር» ብሎ መብራቱን አስጠፋኝ።
ሦስት ሙዚየም ጻፈ፤ ሁለቱ ዝም፣
አንዱ በትሕትና «አናውቀውም»።

ሐሙስ አማቱ ፌና ለሾርባ ልትጠራን መጣች፣
በሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ በእንጨት ጫማዋ እያንኳኳች፤
መነጽር አልጠየቀች፣ መጽሐፍ አልገለጠች፤
«ይህቺማ ትሩስ ናት» አለች።

«ማን?»

«ትሩስ። ዶሮአችን።»

«ጎተራችን ያደረ አንድ ወታደር ነበር፣
ስሙ ለአፋችን የሚከብድ፣ እጁ በፋሻ የታሠረ።
ምልክቱን ጠጠር በልቶት አለቃው ተቆጥቶታል፤
ለእኅቴ ለሂለ ብሩሽ ሰጣትና
"ወፍ" አላት፣ ክርኑን እያርገበገበ።
ሂለ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ምን ወፍ ታውቃለች?
በዚያ ክረምት የተረፈችን አንዲት ዶሮ ነበረች፤
አልጋ ሥር ደብቀናት፣
ጀርመኖቹ ሳይበሏት፣ እኛም እየራበን ሳንበላት።
አይቶ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ።
በነጋታው ዶሮአችንን በጉልበቶቹ መሀል ይዞ
ወደ ድልድዩ ሄደ።
ሞተሩ ተመልሷል እንግዲህ። እሱን አላውቅም።
ሂለም ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አልነካች፤
አጥር እንኳ ሳትቀባ ሞተች።»

ሲትሰ ጣቱን አየ። ጣቱ ላይ ቡኒ ጭቃ፣
የሰኞ ትጋቱ የትሩስን ጅራት ጨርሶ ጠርጎ ነበርና።
«ጅራት ነበራት?» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።
«ነበራት፤ ጥቁሩ ቢያልቅባት በጥላሸት ሠራችው።»

መዝገቡን አውጥቶ፣ ከ«ቁጥር» ፊት «6 ወይም 8» ጻፈ፤
ከ«ክፍለ ጦር» ፊት እስክሪብቶው ቆመ፤
ሦስት ጊዜ ሊጽፍ፣ ሦስት ጊዜ ከደነው።
ፌና አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ
የዶሮዋን ዐይን ጠረገችና፣
«ሾርባው ቀዘቀዘ» አለች።
መብራቱን አላጠፋሁም።